ቆመው የቀሩት ሽማግሌዎች

መነሻ፦ ኮሎምበስ

ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ፣ የተነሣሁት በ2022፣ በሜይ ወር ነው። አየርላንድ ድረስ የሄድኩት አንድን ሰው ሥራው ላይ ሆኖ ለማየት ነበር።

ሰውየው ዴክላን ይባላል። አየርላንዳዊ ነው፤ ሥራው ራግቢ መጫወት ነው፤ ልጄን ሰላምን ማግባት ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ሰውን ሥራው ላይ ሳላየው አልፈርድም። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ የማውቀውን ያወቅሁት ቆሜ በማየትና ያገኘሁትን በማንበብ ነው። ሰው ሲያወራ ይዋሻል፣ ሲበላ ይግደረደራል፣ ሲጸልይም አንዳንዴ ጎረቤቱን በጎን ያያል። ሥራ ላይ ግን ለረጅም ሰዓት ማስመሰል አይቻልም። ይህን የተማርኩት ዌርሃውስ ውስጥ ፎርክሊፍት ስነዳ ነው።

ሰላም በዲቪ ከእኛ ጋር ስትመጣ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ያደገችው ኖርዝላንድ በሚባል የኮሎምበስ ሰፈር ነው፤ መጀመሪያ ከሞርስ ሮድ ጀርባ ባለ አፓርትመንት፣ ኋላም ሚነርቫ ፓርክ አጠገብ በገዛናት ትንሽ ቤት። በ2020 መጨረሻ፣ ወረርሽኙ ዓለምን በዘጋበት ጊዜ፣ ፊዚዮቴራፒ ለመማር ሊሜሪክ ወደምትባል የአየርላንድ ከተማ ሄደች። "ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ አንቺ ትወጫለሽ?" ብዬ ተቆጥቻት ነበር። አልሰማችኝም። እዚያ እንደደረሰች ከሰው ተለይታ መቆየት ነበረባት፤ የተከራየችው ኖራ ከምትባል መበለት ቤት፣ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ነው። የኖራ ልጅ በየቀኑ ምግብ አምጥቶ በሩ ላይ ያስቀምጣል፣ ያንኳኳል፣ ከዚያ ደረጃው ታች ወርዶ ቆሞ ይጠብቃል። ሰላም በሩን ከፍታ ሳህኑን ስትወስድ እጁን ያወዛውዝና ይሄዳል። ዴክላን ማለት እሱ ነው። የተዋወቁት በደረጃ ርቀት ነው ማለት ይቻላል።

እኔ እሱን ያወቅሁት በስልክ ስክሪን ነው። መጀመሪያ ያየሁት ያበጠና የተጨማደደ ጆሮውን ነበር።

"ይሄ ልጅ ጆሮው ምን ሆኖ ነው?" አልኳት።

"አባዬ፣ ኢትስ ፍሮም ዘ ስክራም።"

"ስክራም ምንድን ነው?"

"ስምንት ሰው ተቃቅፎ፣ ከሌላ ስምንት ሰው ጋር ጭንቅላቱን አቆላልፎ ይገፋፋል።"

"ደመወዝ ይከፈላቸዋል?"

"ዬስ፣ አባዬ።"

"ለመገፋፋት?"

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ዴክላን ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ዐሥራ አንድ ዓመት በሙያው ተጫውቶ በዚህ ሜይ ያቆማል። በሠላሳ አራት ዓመቱ ጡረታ የሚወጣ አማች ምን ይባላል? እውነቱን ለመናገር ግን ያሳሰበኝ ጆሮውም ጡረታውም አልነበረም። ልጄ እዚያው ትቀራለች ብዬ ነው የፈራሁት። ይህን ለማንም አልነገርኩም። ለሰላም የነገርኳት "ሽማግሌ ሳይልክ ከእኔ ቤት ልጅ የሚወስድ የለም" ብዬ ብቻ ነው። "ኦኬ፣ አባዬ" አለች፤ ከዚያም ዴክላን በገዛ ሜዳቸው የሚጫወተው የመጨረሻ ጨዋታ ሳያልፍ እንድመጣ ለመነችኝ።

ሥራ ቦታ ዕረፍት ስጠይቅ ይርጋ የሚባለው የሽፍት ባልደረባዬ ቲኬቴን አይቶ ጮኸ፦ "ጋሽ መኮንን፣ ደብሊን ለመሄድ አውሮፕላን? በ161 መንገድ ቀጥ ብለህ ብትነዳ ሃያ ደቂቃ አይፈጅብህም!" ከኮሎምበስ ምዕራብ ደብሊን የሚባል ሰፈር አለና ነው። ዌርሃውሱ በሙሉ እስክሄድ ድረስ በዚህ ሲስቅብኝ ከረመ።

ባለቤቴ አስቴር ከሞርስ ሮድ ሱቅ ለኖራ ነጠላ ገዝታ ሻንጣዬ ውስጥ አስገባች። "ሂድ፣ እይ፣ ዝም በል" አለችኝ። "ዓይንህ ካየው በላይ እንዳትናገር።"

መንገድ

ከኮሎምበስ ቺካጎ፣ ከቺካጎ ደብሊን። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ማስክ አድርጋ ተኛች፤ እኔ ማስክ አድርጌ ነቅቼ አደርኩ። ደብሊን ስንደርስ ማለዳ ነው፣ ይዘንባል። ዝናቡ የእኛ ዓይነት አይደለም። የእኛ ዝናብ ሲመጣ ያስታውቃል፣ ሲሄድም ያስታውቃል። ይሄኛው ሰው ሳያየው ገብቶ የተቀመጠ እንግዳ ይመስላል።

በአውቶቡስ ወደ ባቡር ጣቢያ ሄድኩ። ጣቢያው ውስጥ አንድ ሻይና አይብ ያለበት ዳቦ ስምንት ዩሮ ተኩል ከፍዬ "በዚህ ዋጋ ሞርስ ሮድ ላይ ሁለት ሰው ይጠግባል" እያልኩ በላሁ። ባቡሩ ግን ደስ ይላል። መስኮቱ አረንጓዴ ብቻ ነው፤ ሜዳው በድንጋይ ካብና ነጭ አበባ ባወጣ የእሾህ አጥር ተከፋፍሏል፤ ላሞቹ ዝናብ ውስጥ ተኝተው ያመሰኳሉ። ኦሃዮም አረንጓዴ ነው፤ የኦሃዮ ሜዳ ግን ማለቂያ የለውም። እዚህ ሁሉም ሰው ትንሽ ትንሽ ያለው ይመስላል።

ፊት ለፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ ጋዜጣቸውን አጠፉና ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ።

"ሊሜሪክ። ራግቢ ለማየት።"

"ከየት?"

"ከኦሃዮ።"

"ራግቢ ለማየት ከኦሃዮ! ማንን ነው የሚያዩት?"

ስሙን ስነግራቸው ቅንድባቸው ከፍ አለ። "ፕሮፑን?" አሉ። ፕሮፕ ማለት በስክራሙ መጀመሪያ መስመር፣ ጫፍ ላይ ሆኖ ክብደቱን የሚሸከም ሰው ነው። "ወዳጄ፣ ሰባ ዓመት ኖሬያለሁ። ፕሮፕ ለማየት ባሕር የተሻገረ ሰው ዛሬ ገና አየሁ። ፕሮፕን እኮ እናቱም አታየውም፤ ሁልጊዜ ሰው ሥር ነው ያለው!"

ሳቁ። ስንወርድ ሻንጣዬን ከላይ ያወረዱልኝ ግን እሳቸው ናቸው።

ሊሜሪክ፦ የኖራ ቤት

ሰላም ጣቢያው ላይ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ከኋላዋ አንድ ሰው ቆሟል፤ ስክሪን ላይ ግማሹን ብቻ ነበር ያየሁት። ቀረበና ግራ እጁን ቀኝ ክርኑ ላይ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ ጨበጠኝ። አስተምራዋለች። ጎንበስ ያለው ግን ከወገቡ ነው፤ አንገቱ አይታጠፍም። ኋላም እንዳየሁት ሰው ከጎኑ ሲጠራው አንገቱን አያዞርም፤ መላ ሰውነቱን እንደ ቁም ሣጥን ያዞራል። ይህን አየሁና ዝም አልኩ። አስቴር ዝም በል ብላኛለች።

የኖራ ቤት ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ጠባብ ቤት ነው። ሴትዮዋ ቀጭን ናት፣ ፈጣን ናት፤ ሻይ ሳያልቅ ሌላ ሻይ ትቀዳለች። ጥቁር ዳቦ በቅቤ አቀረበች፤ ለእራት ሥጋና ድንች፣ ከድንቹ ጎን ደግሞ ሌላ ዓይነት ድንች። ነጠላውን ስሰጣት ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ መስታወት ፊት ቆመች። "ለነገ ጨዋታ እለብሰዋለሁ" አለች። ለዝናብ እንደማይሆን ነገርኳት። "ሚስተር መኮንን፣ እዚህ አገር ለዝናብ የሚሆን ልብስ ብቻ ብለብስ ኖሮ ሌላ ልብስ አይኖረኝም ነበር።"

የጨዋታው ቀን

ወደ ስታዲየሙ በእግር ሄድን። መንገዱ በሙሉ ሰው ነው፤ አሮጊት፣ ካህን፣ የታቀፈ ሕፃን፣ ቺፕስ በኮምጣጤ የሚበላ ጎረምሳ። ኖራ ነጠላዋን ከዝናብ ልብሷ በላይ ደርባ፣ ኪሷ ውስጥ መቁጠሪያዋን ይዛ በመሐላችን ትራመዳለች።

ስለ ጨዋታው ብዙ አልገባኝም። ስክራሙን ግን ዓይኔን ሳልነቅል አየሁት። ስምንት ሰው እንደ አንድ እንስሳ ይተሳሰራል፤ ዳኛው ሲጠራ ከሌላው ስምንት ጋር ይጋጫል። ድምፁ መቀመጫችን ድረስ ይሰማል። ዴክላን ጫፍ ላይ ነው። የሱ ሥራ ከመሐል ያለው ሰው እንዳይሰምጥ መያዝ፣ ከኋላ የሚመጣውን ግፊት በአንገቱና በጀርባው ማሳለፍ ነው። ኳሱ ከሥር ወጥቶ ወደ ቀጫጭኖቹና ፈጣኖቹ ይሄዳል፤ ሕዝቡም ኳሱን ተከትሎ ይጮኻል። እሱ ከጭቃው ተነሥቶ ወደሚቀጥለው ግፊያ ይሮጣል። ሮጠ ማለት ከተቻለ።

"በዐሥራ አንድ ዓመት አራት ጊዜ አስቆጥሯል" አለችኝ ኖራ። "ሦስቱን አላየሁም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።"

አንድ ነገር ደግሞ አስደነገጠኝ። ከእንግዶቹ ቡድን አንዱ ኳሷን መሬት ላይ አቁሞ ወደ ምሰሶዎቹ ሊመታ ተዘጋጀ። ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ዝም አለ። በቃ ዝም። ዝናቡ ጣሪያውን ሲመታ ይሰማል። የሆነ ሰው የሞተ መስሎኝ ሰላምን በክርኔ ነካኋት።

"እንዲያተኩር ነው፣ አባዬ" አለች በሹክሹክታ።

"ባላጋራ አይደለም እንዴ?"

"ነው። ለሁሉም ነው ዝም የሚሉት።"

ሌሎችን ስንሳደብ የምንውል እኛ ከዚህ ብዙ እንማራለን ብዬ አሰብኩ። ሰውየው መትቶ ሳተ፤ ሕዝቡም ወዲያው ስድቡን አወረደው። ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም። ከመምታቱ በፊት አልነኩትም።

ከዕረፍት በኋላ ጥቂት ቆይቶ ዴክላንን አስወጡት። ልቤ ተሰበረ። ጨዋታው አላለቀም፣ የመጨረሻው ቀኑ ነው፣ እንዴት ያወጡታል? "ምን አጠፋ?" አልኩ።

"ምንም" አለች ኖራ። "የፊት መስመር ሰው ያለውን ሁሉ በመጀመሪያው ሰዓት ይሰጣል። ከዚያ ይወጣል፣ ሌላው ይገባል። ሥራው ይኸው ነው።"

ሕዝቡ ቆመ። ስሙን ጠሩት። እሱ እጁን ከፍ ሊያደርግ ሞክሮ ትከሻው ላይ ቀረ። ኖራ በዚህ ጊዜ ዓይኗን አልጨፈነችም፤ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ቆማ አየችው።

በዚያች ሰዓት ፈርጄ ጨርሻለሁ። ለማንም ግን አልተናገርኩም።

ሽማግሌዎቹ

ከእራት በኋላ፣ ገና ብርሃን ሳለ፣ በሩ ተንኳኳ። ኖራ ከፍታ ወደ ጓዳ ገባች፤ ሰላም ወደ ፎቅ ሮጠች። ሳሎን ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። ሁለት ሰዎች ሙሉ ልብስና ክራቫት አድርገው ገቡ። አንደኛው ፓት ይባላሉ፤ ዴክላንን በልጅነቱ ራግቢ ያስጀመሩት የትምህርት ቤት አሠልጣኝ ናቸው፤ አጭር፣ ነጭ ፀጉር። ሁለተኛው ባርት ነው፤ ከዴክላን በፊት በዚያው ቦታ ይጫወት የነበረ ግዙፍ ሰው፤ ዛሬ ላሞች ያረባል። ጉልበቱ ውስጥ ብረት ስላለ ያነክሳል።

"ተቀመጡ" አልኳቸው።

ፓት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እናመሰግናለን። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።"

ያን ጊዜ ገባኝ። ይህን ቃል የሰማሁት አባቴ ቤት ልጅ ሆኜ ነበር፣ እህቴ ስትጠየቅ። ቶሎ ብዬ ወንበሬ ላይ ተስተካክዬ ተቀመጥኩ።

"ማን ላካችሁ?"

"ዴክላን። ውጭ መኪና ውስጥ ነው፤ መግባት አይፈቀድልህም ተብሎ። ልጅዎን ለጋብቻ ሊጠይቅ ነው የላከን። አባቱ ስለሌለ እኔ በአባቱ ቦታ ቆሜያለሁ።" ከዚያ የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም፣ የመጡበትን መንደር ተናገሩ። "ይህ ልጅ እኔ ጋ ሲመጣ ኳስ መያዝ አያውቅም ነበር። አሁንም ብዙ አያውቅም።"

"ኧረ ጭራሽ አያውቅም" አለ ባርት።

"ግን አጠገቡ የቆመ ሰው ሲወድቅ አይቼ አላውቅም።"

ባርት ክብደቱን ወደ ደህናው እግሩ አዛወረ። "ክፉውንም ካልተናገርን ሽማግሌ አይደለንም። አንገቱ ሁለት ጊዜ ኦፕሬሽን ሆኗል። ጠዋት ጠዋት ጫማውን ለማሰር ይቸገራል። ከእንግዲህ ምን እንደሚሠራ ገና አያውቅም። ይህን ከእኛ እንጂ ከሌላ እንዲሰሙ አልፈለግንም።"

የጨዋ ንግግር ነው። ከዚህ የተሻለ ሽማግሌ ኮሎምበስም አዲስ አበባም አላየሁም። እኔም እንደ ወጉ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ መለስኩ፦ "መምጣታችሁ ክብር ነው። ቃላችሁን ሰምቻለሁ። ነገሩ የእኔ ብቻ አይደለም፤ ከእናቷና ከዘመድ እመክራለሁ። አሁን ሂዱና ሌላ ጊዜ ተመለሱ።"

ሁለቱ ተያዩ። "ይኸው ነው?" አሉ ፓት።

"ለዛሬ ይኸው ነው።"

በር ድረስ ሸኘኋቸው። ባርት እያነከሰ ሲሄድ ሳላስቀምጠው መላኬ ትንሽ ቆጨኝ፤ ወግ ወግ ነው ብዬ ተጽናናሁ። ልጁን በመጀመሪያው ጥያቄ የሚሰጥ አባት ልጁን አራከሰ ይባላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ደስ ብሎኝ እንደ ሕፃን ተኛሁ።

እሑድ ጠዋት

ቁርስ ላይ ኖራ "ሻይ ይፈልጋሉ?" አላለችኝም። እዚያ ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። እንቁላሉን ሳህኔ ላይ አስቀመጠችና ወደ ቅዳሴ ሄደች። ሰላም ዓይኗ አብጦ ወረደች፣ "አለርጂ ነው" ብላ ተመልሳ ወጣች። ነገሩ አልገባኝም። አስቴር ነርሲንግ ሆም ለጠዋት ሽፍት የምትነሣበት ሰዓት ስለሆነ ደወልኩላት።

"ምንድን ነው ያደረግከው?" አለች ሰላምታ ሳታስቀድም። "ልጅቷ ኮል አድርጋ ስታለቅስብኝ ነው ያደረችው! አባዬ እምቢ አለ እያለች!"

"እኔ? እምቢ?"

"ሂዱ አላልካቸውም?"

"ሂዱና ተመለሱ ነው ያልኩት! ወጉ ነዋ!"

"መኮንን፣ ይህቺ ልጅ ወጉን የት አየችው? እዚህ ሽማግሌ የሚመጣው ከሥራ ኦፍ ባለው ቀን ነው። አንዴ ገብቶ ጨርሶ ነው የሚወጣው። የእህቴ ልጅ ስትጠየቅ ሽማግሌ ሆኖ የመጣው ይርጋ ሽፍት አለብኝ ስላለ ገና ከበር ሳይገቡ እሺ ብለን የለም?"

እውነቷን ነው። ኮሎምበስ ውስጥ ወጋችንን በሥራ ሰዓታችን ልክ ቆርጠነዋል። ልጆቻችን ያዩት የተቆረጠውን ነው።

ፎቅ ወጣሁ። ሰላም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። "ዩ ሴድ ኖ፣ አባዬ" አለች፣ ሳታየኝ።

"ኖ አላልኩም። ተመለሱ ነው ያልኩት። በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም፣ ልጄ። የሚፈልግሽ ሰው ሁለተኛ ይመጣል ወይ ተብሎ ነው የሚጠበቀው።"

ቀና አለች። "ሁለተኛ ክፍል አለው እንዴ?"

"አለው።"

"እኔ መቆሙን ብቻ ነው ያስተማርኳቸው!" አለች፤ ሳቋና እንባዋ ተቀላቀለ። "ባርት እኮ በዚያ ጉልበቱ ሳምንት ሙሉ መቆም ሲለማመድ ነበር!"

አቀፍኳት። እንዲህ ካቀፍኳት ብዙ ዓመት ሆኖኛል። "ዴክላን የት ነው?" አልኩ።

"የፓት ትምህርት ቤት፣ ሜዳው ላይ። አብሬህ ልምጣ?"

"ብቻዬን እሄዳለሁ።"

ሜዳው

ሻነን የሚሉትን ወንዝ በድልድይ ተሻገርኩ። ውኃው ሰፊ ነው፣ የዝናቡን ቀለም ይመስላል። ዴክላን ሜዳው ዳር ልጆች የሚገፉትን የልምምድ ትራስ እየሰበሰበ አገኘሁት። ሲያየኝ እንደ ልማዱ መላ ሰውነቱን አዞረ።

እኔ ሳልናገር እሱ ቀደመ። "ሚስተር መኮንን፣ አልተቀየምኩም። እኔም ሴት ልጅ ቢኖረኝ ይህን አንገት አይቼ እምቢ እል ነበር።"

ይህን ሲል ፊቱ ላይ ቁጣ የለም። ልመናም የለም። ቶሎ ብዬ ወጉን አስረዳሁት፤ መጀመሪያ መምጣት እንዳለ፣ መመለስ እንዳለ፣ የሴት ወገን ክብሩን የሚጠብቀው በዚህ እንደሆነ። ትራሱን እንዳቀፈ ሰማኝ።

"ተመለሱ ማለት እሺ ማለት ነው?"

"አይደለም። ተመለሱ ማለት ተመለሱ ማለት ነው።"

"ስንት ጊዜ?"

"ወይ እናንተ እስክትሰለቹ፣ ወይ እኔ እስክሰለች።"

ሳቀ። "ባርት አይሰለችም። ጉልበቱ ነው እንጂ።"

ትራሶቹን አብሬው ተሸከምኩ። ትናንት ሲያስወጡት ምን እንደተሰማው ጠየቅሁት። ትንሽ አሰበና "ሕዝቡ ስሜን ሲጠራ የሰማሁት ስገባና ስወጣ ብቻ ነው" አለኝ። "እሱ አይናፍቀኝም። የሚናፍቀኝ ከግፊያው በፊት ያለችው ቅጽበት ናት። ግራና ቀኝ ያሉት ሰዎች ማሊያዬን ጨብጠው ሲይዙኝ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ያማል። እሷ ግን አታምም።"

"ከእንግዲህስ?"

"ሰላም ትምህርቷን ስትጨርስ ኮሎምበስ እመለሳለሁ ትላለች። እኔም እከተላታለሁ። እዚያ ምን እንደምሠራ አላውቅም። ከባድ ነገር ማንሳት እችላለሁ።"

ኮሎምበስ እመለሳለሁ ትላለች። ከዓመት በላይ በፍርሃት ያልጠየቅኩትን ጥያቄ ሰውየው ትራስ ተሸክሞ መለሰልኝ። ፊቴን ወደ ወንዙ አዞርኩ። "ኮሎምበስ ከባድ ነገር ሞልቶታል" አልኩ።

ከዚያ የቀኝ ጫማው ማሰሪያ ተፈትቶ ጭቃ ላይ ሲጎተት አየሁ። እሱም አይቶታል። ጎንበስ ሊል ሲጀምር ጥርሱን ነከሰ። በአገራችን አማት ለአማቹ አይንበረከክም፤ ትልቅ ሰው ለታናሹ ጫማ አያስርም። ተንበርክኬ አሰርኩለት። ሁለት ጊዜ ቋጠርኩት።

"ሚስተር መኮንን፣ ኧረ አይገባም..."

"ዝም በል። ለእናትህም እንዳትናገር።"

መመለስ

ወደ አሜሪካ ለመግባት ገና የኮቪድ ምርመራ ይጠየቅ ስለነበር አንድ ፋርማሲ ሄጄ አፍንጫዬን ተጠርጌ ነጻ መሆኔን የሚያሳይ ወረቀት ያዝኩ። ኖራ ስትሸኘኝ ጥቁር ዳቦ በፎይል ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ ሻይም ሦስት ጊዜ ቀዳችልኝ። ታረቅን ማለት ነው።

ኮሎምበስ ስገባ ፀሐይ ነበር። አስቴር ከኤርፖርት ስትወስደኝ በሞርስ ሮድ መጣን፤ የሶማሌው ምግብ ቤት፣ የሜክሲኮው ጎማ ቤት፣ የኔፓሉ ሱቅ፣ የእኛው እንጀራ የሚሸጥበት፤ ሁሉም እንደተውኩት አለ። ዳቦውን በመንገድ ላይ ቆርሰን በላን።

"ታዲያ ምን አየህ?" አለችኝ።

ያየሁትን ልንገራችሁ። ሕይወቱን ሙሉ ሌላው እንዳይወድቅ ሲይዝ የኖረ፣ ሕዝብ ግን ያላየው ሰው አየሁ። ልጆቻችንን ወግ አስተምረናል ብለን እንደምንመካ፣ ግን መጀመሪያውን አሳይተን መጨረሻውን በሽፍት ምክንያት እንደዘለልነው አየሁ። መጨረሻው ያልተነገረው ወግ ደግሞ ሰው ይጎዳል፤ እኔ ደስ ብሎኝ ስተኛ ልጄ እያለቀሰች አደረች። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ስትነግሩ ጨርሳችሁ ንገሩ።

በዚያው ዓመት በኦገስት፣ በኦሃዮ ሙቀት፣ ሚነርቫ ፓርክ አጠገብ ያለው ቤታችን በር ተንኳኳ። ፓትና ባርት ናቸው፤ ባሕር ተሻግረው፣ ያንኑ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ላባቸው እየወረደ። ዴክላን እንደ ደንቡ መኪና ውስጥ ነው። ከእኛ ወገን አስቴር ከነዘመዶቿ አለች፤ ለዕረፍት የመጣችው ሰላም ልታስተረጉም በሩ አጠገብ ቆማለች፤ ይርጋም ሽፍቱን ቀይሮ ተገኝቷል። እንዲቀመጡ ጠየቅናቸው፤ አንቀመጥም አሉ። ፓት የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም፣ የመንደሩን ስም እንደገና ጠሩ። ባርት አንድ እጁን ግድግዳው ላይ ደግፎ ቆሟል። ሁልጊዜ የሚያወራው ይርጋ እንኳ አፉን ያዘ። ቤቱ ዝም አለ፤ እንደዚያ ስታዲየም።

አስቴር በዓይኗ ፈቀደችልኝ። እኔም ለዘመድ ሁሉ እንዲሰማ በአማርኛ "ልጃችንን ሰጥተናችኋል። ተቀመጡ" አልኩ።

ፓት ይተረጎምላቸው ዘንድ ወደ ሰላም ዞሩ። ባርት ግን ትርጉም አልጠበቀም። ተቀመጠ።